የዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ባለሙያዎችን እንዴት እናብቃ?

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሁሉም ሰው ስልጠና የሚያመቻቸው የሰው ሀብት ክፍል ነው። መምህሩን ለሦስተኛ ዲግሪ ይልካል፣ የላብራቶሪ ባለሙያውን ለአጭር ኮርስ ይመዘግባል። ለራሱ ሰዎች ግን ተራው አይደርሳቸውም። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ጠረጴዛና የፋይል ክምር ይሰጠውና «እያየህ ትለምደዋለህ» ይባላል። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ብዙ ስህተት የሠራሁትም በዚያው ዓመት ነው። የቡድን መሪ ከሆኑ ይህን ለመቀየር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግዎትም።

ከሕጉ ይጀምሩ

በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት ሕግ የሚተዳደሩ ሠራተኞች አሉ። የአካዳሚክ ሠራተኛው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ይተዳደራል። የአስተዳደር ሠራተኛው ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ። ይሄኛው ስንቴ ተቀይሯል! 262/1994፣ 515/1999፣ 1064/2010፣ አሁን ደግሞ 1353/2017። በ1995 ዓ.ም. የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ በአራቱም ውስጥ አልፏል።

ስለዚህ ለአዲስ ባለሙያ አዋጁን አትሞ መስጠት ብቻ አይበቃም። ሦስት የቆዩ ማህደሮች ይስጡት። የቅጥሩ፣ የዕድገቱ፣ የዝውውሩ ደብዳቤ እያንዳንዱ በየትኛው አዋጅና በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ ይፈልግ። አንድ ሳምንት ይፈጅበት ይሆናል። ከብዙ የአዳራሽ ስልጠና የተሻለ ያስተምረዋል።

በሳምንት አንድ ሰዓት ይዝጉ

ባለጉዳይ የሚቀንስበትን ሰዓት ይምረጡና በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ። እያንዳንዱ ሰው የከበደውን አንድ ጉዳይ ያምጣ። የትውልድ ዘመኑ በሁለት ቅጽ ላይ የተለያየ፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሠራተኛ። ለትምህርት ውጭ ሄዶ ያልተመለሰ መምህር። ይህ የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ መምህሩ በሌለበት የሚጠየቀው ዋሱ ነው። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ እንዲህ ያለ ዋስ ፊቷ ሲያለቅስ ምን እንደምትለው ጠፍቷት ቢሮውን ጥላ ወጥታለች። መምህሩ ተመልሶ ሊያገለግል የፈረመበትን የግዴታ ውል አብረን ቁጭ ብለን አንብበነው አናውቅም ነበር።

የተወሰነውን ውሳኔ ከነምክንያቱ በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፉ። የቆየው ባለሙያ ሲለቅ እውቀቱን ይዞት እንዳይሄድ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ካለው ደግሞ ለዲኑ ደብዳቤ ይጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያስተምር መምህር በወር አንድ ቀን መጥቶ ጉዳዮቹን አብሯችሁ ይይ። የሠራተኛውን ስም ከጉዳዩ ላይ መሰረዙን ብቻ አይርሱ። ይህን ያህል ቅርብ አማካሪ ያለው መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፤ አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል።

ስሌቱንም በእጅ

ፔሮል (የደመወዝ ስሌትና ክፍያ) የፋይናንስ ሥራ ቢሆንም ሠራተኛው ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ባለሙያው ኤክሴል ከመክፈቱ በፊት የአንድ ሰው ደመወዝ በወረቀት ያስላ። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ።

ሰውየውንም ይደግፉ

መጥፎ ዜና የሚነግር ባለሙያ ብቻውን አይሁን። «አይቻልም» የሚለው መልስ ከነአንቀጹ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ያኔ ባለጉዳዩ ቢቆጣ እንኳ ቁጣው በባለሙያው ላይ አይሆንም። ባለጉዳይ የሚስተናገድበትን መስኮት በየተራ ያዙ። ከከባድ ንግግር በኋላ ቡና ጠጥቶ ይምጣ፣ አሥር ደቂቃ ሥራ አያጎድልም።

የቀረው የስልጠና ዕቅዱ ነው። ዘንድሮ ሲረቀቅ የራሳችሁን ሰዎች ስም ከነኮርሱ ያስገቡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥያቄው ከዚያ ቀደም ብሎ ካልገባ አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ።