የአረብ ልብ ወለድን ከዘመኑ የፖለቲካ ነውጥ ጋር አስተያይቶ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የግብጻዊው ናጊብ ማህፉዝ «ካርናክ» ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ጥሩ መነሻ ነው፤ በአንድ የካይሮ ካፌ ዙሪያ የሚሽከረከር አጭር ልብ ወለድ በመሆኑ ለጀማሪ አይከብድም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሦስት ዘመናትን በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ፦ ታሪኩ የሚያልፍበትን፣ መጽሐፉ የተጻፈበትንና የታተመበትን። የ«ካርናክ» ታሪክ የሚያጠነጥነው በግብጹ ፕሬዚዳንት በጋማል አብደል ናስር ዘመን፣ ግብጽ ከእስራኤል ጋር ባደረገችው የ1967ቱ ጦርነት ሽንፈት ዋዜማና ማግስት ነው፤ የተጻፈው ናስር በ1970 ከሞቱ በኋላ፣ በ1971 ሲሆን፣ ለኅትመት የበቃው ግን በ1974፣ በተተኪያቸው በአንዋር ሳዳት ዘመን ነው። ባለፈው መንግሥት ላይ የሚቀርብ ክስ አዲሱን መንግሥት ላይጎረብጠው ይችላል፤ መጽሐፉ ለምን በዚያ ጊዜ ታተመ የሚለውን ጥያቄ ሳያነሱ ማንበብ መጽሐፉን በግማሽ እንደ ማንበብ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የባዶ ወንበሮችን ታሪክ ይከታተሉ። የካፌው ደንበኛ የሆኑ ተማሪዎች በድንገት ይጠፋሉ፤ ሲመለሱ ቀድሞ የነበሩትን አይደሉም። ተራኪው በእስር ቤት የደረሰባቸውን የሚሰማው ዘግይቶ፣ ከራሳቸው አንደበት ሲሆን፣ ከመካከላቸው ጆሮ ጠቢ እንዲሆኑ የተገደዱም አሉ። ጨዋታው የሚቋረጥበትን፣ ሰዎቹ እርስ በርስ በጥርጣሬ የሚተያዩበትን ገጽ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። የዚያ ዘመን ፍርሃት ከየትኛውም የፖለቲካ ንግግር ይልቅ በእነዚያ ገጾች ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አይቆጭዎትም።

ከዚያ በኋላ በሌላ ዘዴ የተሠራ መጽሐፍ ያነጻጽሩ። በናስር ዘመን ከ1959 እስከ 1964 የታሰረው ግብጻዊ ደራሲ ሶናላህ ኢብራሂም በ1992 ባሳተመው «ዛት»፣ የአንዲት ሴት የኑሮ ታሪክ ከጋዜጣ ቁርጥራጮች ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ ይፈራረቃል።

በመጨረሻም ታሪክን ከኋላ ወደ ፊት ከማንበብ ይጠንቀቁ። በ2002 የታተመውን የአላ አል አስዋኒን «የያዕቆቢያን ሕንፃ» ዛሬ የሚያነሳ ሰው፣ የግብጽን መንግሥት የጣለውን የ2011ዱን የካይሮ ታህሪር አደባባይ አመፅ ስለሚያውቅ መጽሐፉን እንደ ትንቢት ለመቁጠር ይፈተናል። መጽሐፉ የሚያሳየን ግን ጣሃ የተባለው ወጣት በአባቱ የዘበኝነት ሥራ ምክንያት ከፖሊስ አካዳሚ ደጅ የተመለሰበትን ቀን ነው። ያንን ክፍል በሚያነቡበት ጊዜ አደባባዩን ለጥቂት ሰዓት ይርሱት፤ ልጁ ፈታኞቹ ፊት ቆሞ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ ብቻ ይመልከቱ።