የጭቃ ግድግዳ እንዴት ይመረጋል?

ጎንደር ላይ ለምርጊት የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዝናቡ ወጥቷል፤ ፀሐዩም ገና ስላልከረረ ግድግዳው ቀስ ብሎ ይደርቃል።

ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ ተልጦ ይድረቅ፤ ምስጥ እንዳይደፍረው መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ይለብለብ። ቋሚው ከተተከለ በኋላ ማገሩን በውስጥም በውጭም ስንዝር ያህል እያራራቁ ይምቱ። ግርጌውን ዙሪያውን በድንጋይ ያስይዙት።

ዋናው ሥራ ጭቃው ነው። ከአዘዞ ወደ ደምቢያ ያለው ሜዳ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ይበዛዋል፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከተገኘ የዳገቱን ቀይ አፈር ይምረጡ፤ ሥርና ብስባሽ ያለበትን የላይኛውን አፈር ገፈው ከሥሩ ይቆፍሩ። ጥቂቱን አርሰው፣ አድበልብለው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከፈረሰ አሸዋ በዝቶበታል፤ ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ግን አሸዋና ጭድ ይፈልጋል።

ከዚያ አፈሩን ከምረው መሐሉን ይክፈቱና ውሃ ያጠጡት፤ ጭድ እየነሰነሱ በእግር ይርገጡት። የጤፍ ጭድን የሚያህል የለም፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይዋሃዳል። ሁለት ሳምንት ያህል ይቡካ፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ውሃ ጨምረው እንደገና ያስረግጡት። መሽተት ሲጀምርና እጅ ላይ ሲለጠፍ ደርሷል። ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ሂሳብ እያስጨነቀው ትናንት አቡክቶ ዛሬ የሚያስመርግ ሰው ብዙ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያልራሰ ጭድ አፈሩን አይዝም፤ ምርጊቱ ሲደርቅ እየተላጠ ይወድቃል።

ሲመርጉ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ፊት ለፊት ቆመው ጭቃውን በማገሩ መሐል ጠቅጠቅ ያድርጉት። የመጀመሪያው ዙር ጨርሶ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይድገሙ፤ መሰንጠቁ አያስደንግጥዎ፣ ስንጥቁን የሚሞላው ሁለተኛው ዙር ነው። ከመድገምዎ በፊት ግን ውሃ ይርጩበት። የመጨረሻው ልስን የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት ነው።

በላዩ ሲሚንቶ መለሰን ተለምዷል፤ እባክዎ ይተዉት። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። አቅም ካለ ኖራ ይቀቡት፤ የፋሲል ግንብ ድንጋዮችም የተያያዙት በኖራ ነው። የቆርቆሮው ጠርዝም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ዝናብ የመታውን ወገን በእበት ጭቃ ይጠግኑ።