የቮልስ ካርቡራተር፦ ሚኒሞ አልይዝ ሲል፣ ሲያንቅና ጥቁር ሲያጨስ

እዚህ ያለው በ1600 ሞተር ላይ ለሚገጠመው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራተር ነው። ሚኒሞ የምንለው ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር ነው። ካርቡራተሩን ከመንካታችሁ በፊት የቫልቩን ክፍተት (ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚ.ሜ)፣ የፑንቲናውን ማለትም የዲስትሪቢዩተሩን መገናኛ ክፍተት (0.4 ሚ.ሜ)፣ የካንዴላውን ክፍተት (0.7 ሚ.ሜ)፣ በመጨረሻም ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) እዩ። «ካርቡራተር ነው» ተብሎ ከሚፈታው ቮልስ ብዙው ፑንቲናው የተበላ ነው።

ሲረገጥ ይሠራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል

መጀመሪያ ሶሌኖይዱን ጠርጥሩ፤ ቁልፍ ሲዘጋ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚቆርጠው ባለ አንድ ሽቦው ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፍ ክፈቱና ሽቦውን ነቅላችሁ መልሳችሁ አስነኩት። «ጠቅ» ካላለ ሽቦው ላይ 12 ቮልት መኖሩን በቴስተር እዩ፤ ኤሌክትሪክ እያለው ዝም ካለ ቀይሩት። ጠቅ ካለ ግን የሚኒሞው ጂግለር (ቤንዚን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ተደፍኗል፤ አውጥታችሁ በኮምፕሬሰር ንፉት። በሽቦ አትጎርጉሩት፤ ነሐስ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሚኒሞው ካልያዘ ማስተካከያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ዙር ለመጨመር ቶሎ የሚጠመዘዘው የነዳጅ ገመዱ ክንድ ላይ ያለው ብሎን ነው። እሱ ግን የታችኛውን የአየር በር ገርበብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚኒሞ ብሎኖቹ (ካርቡራተሩ ጎን ላይ ያሉት ትልቁና ትንሿ) አይታዘዙም፣ አንዳንዴም ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ ይላል። እንዲህ መልሱት፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው የላይኛው በር) ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የክንዱን ብሎን ፍቱና መልሳችሁ አስገቡት፤ የቾኩን ደረጃ ዝቅተኛ ቦታ ነካ ሲያደርግ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ትንሿን የድብልቅ ብሎን ሳታስጨንቁ እስከ መጨረሻ አስገቡ፣ 2 ዙር ተኩል መልሱ። በትልቁ ብሎን ዙሩን በደቂቃ 850 እስከ 900 አድርሱ። ከዚያ በትንሿ ከፍተኛውን ዙር ፈልጉና ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ በጆሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ተዉት። የወረደውን በትልቁ ሙሉት።

ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል

ከሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከካርቡራተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ድብልቁን ወደ ሞተሩ በሚያደርሰው ቱቦ (ማኒፎልድ) ጎማዎችና በአየር በሩ ዘንግ ሁለት ጫፍ ትንሽ የካርቡራተር ማጽጃ ርጩ (እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን)። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ነው ቀዳዳው። ዘንጉ ከተወዛወዘ ጓርኒሲዮን አያድነውም፤ ቶርኖ ቤት ቡሽ ይገባለታል።

ድንገት ሲረገጥ ያንቃል

ሞተሩን አጥፉና ከላይ እያያችሁ ክንዱን ግፉ። ቤንዚን በቀጭኑ፣ በኃይል መወንጨፍ አለበት። ካንጠባጠበ ጎን ላይ ባለ 4 ብሎን ክዳን ሥር ያለው ዲያፍራም ተቀዷል ወይም ደርቋል። ስትከፍቱ ስፕሪንጓ እንዳትወድቅ።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ

ቁልፍ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቾኩ ካልተከፈተ ሽቦውን እዩ። ቾኩ ደህና ከሆነ የላይኛውን ክዳን (5 ብሎን) አንሱና ተንሳፋፊዋን ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ ውስጧ ቤንዚን ከተንቀጫቀጨ አትጠግኗት፣ ጣሏት። የመርፌው ቫልቭ ጫፍ ከተበላም እንደዚሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አዲስ አበባ ላይ አሁንም ካጨሰ ጥፋቱ የከፍታው ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው 127.5 ዋና ጂግለር ለባሕር ጠረፍ የታሰበ ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 1.275 ሚ.ሜ። 2,300 ሜትር ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ 120 ይበቃዋል። ወደ አፋር ቆላ ስትወርዱ ግን 127.5ን መልሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይግላል፣ ይህ ሞተር ደግሞ ውሃ የለውም።

በክረምት ጠዋት ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ይንተፋተፋል

ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ማኒፎልድ ዳብሱ። ላብ ወይም ነጭ ውርጭ ከያዘ ቤንዚኑ ሲተን እያቀዘቀዘው ነው። ከማርሚታው (የጭስ ማውጫው ሳጥን) ትኩስ ጭስ አምጥቶ የሚያሞቀው ቀጭኑ ቱቦ በካርቦን ተደፍኗል፤ ማኒፎልዱን አውርዳችሁ በድሪል ላይ በታሰረ የፍሬን ገመድ ጥረጉት። ችግሩ የጀመረው አዲስ ማርሚታ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ማርሚታው ከዚህ ቱቦ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ መበሳቱን እዩ፤ አንዳንዱ ሳይበሳ ይሸጣል።