ኦና የባቡር ጣቢያ እንዴት ፎቶ ይነሳል? ከአዳማ እስከ አዋሽ

አዳማ የሚኖር ሰው ኦና ቦታ ፎቶ ለማንሳት አገር ማቋረጥ አያስፈልገውም። የጅቡቲ–አዲስ አበባው አሮጌ ባቡር በከተማችን ነው ያለፈው። በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ፤ በመሀል ባሉት ጣቢያዎች ዙሪያ ደግሞ ሻይ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ ገበያው፣ ኋላም ከተማው ተሰበሰበ። ባቡሩ ሲቆም ከተሞቹ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ኦና የቀረው የጣቢያው ግቢ ነው፦ የትኬት መስኮቱ፣ መጋዘኑ፣ የሠራተኛ ቤቶቹ፣ ዝገት የበላው ፉርጎ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የራሱን ሀዲድና የራሱን ጣቢያ ይዞ ስለመጣ አሮጌውን የሚያስታውሰው አጣ።

ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ከያዛችሁ ወለንጪቲ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ መተሐራ፣ ከዚያ አዋሽ። ለእኔ አዋሽ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ባቡሩ ሌሊት በማይሄድበት ዘመን መንገደኛ እዚያ ያድር ስለነበር ከጣቢያው አጠገብ ፈረንሳዮቹ የሠሩት ቡፌ ደ አዋሽ የሚባል ማረፊያ አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ከአዋሽ አትጀምሩ። እቤታችሁ አጠገብ ያለውን ያዙ። አንድን ግቢ ጠዋትም ማታም፣ ክረምትም በጋም ተመላልሶ ማየት አምስት ቦታ ሮጦ ከማንሳት ይሻላል።

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ካሜራ

«ኦና አይደል እንዴ፣ ማን ይከለክለኛል» የሚባል ነገር የለም። ግቢው ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው፣ ጥበቃ አለው፣ አንዳንዱ ውስጥም ሰው ይኖራል። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ ግቡ። ጥበቃውን ፈልጉ። «አካም ጅርቱ አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» በሉ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን ልታነሱ እንደመጣችሁ፣ ለምን እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ብታገኙ ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እኛ አገር ከየትኛውም ሌንስ የበለጠ በር ይከፍታል። ከተከለከላችሁ አትከራከሩ። አመስግናችሁ ውጡና ሌላ ቀን በደብዳቤ ተመለሱ።

የማይነሱ ነገሮች አሉ፦ የአዋሽ ወንዝ ድልድይ፣ ኬላ፣ ወታደርና ፖሊስ፣ የአዲሱ ባቡር መስመር። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም፣ ቤት ተዉት። ሰው ካለም አስፈቅዱ። በተለይ በድሮ የባቡር ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን ሽማግሌዎች «የፍርስራሽ ማድመቂያ» አታድርጓቸው። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱ። ሊቶሪናው (በናፍጣ የሚሄደው የተሳፋሪ ባቡር) በስንት ሰዓት ያልፍ እንደነበር፣ ከየት ቆሞ ውሃ ይቀዳ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የነገሯችሁን ሰምታችሁ ስትነሱ ደግሞ ቀድሞ ያላያችሁት ጥግ ይታያችኋል።

ስለ መንገዱ ደህንነት ከመናኸሪያ ሹፌሮች ጠይቁ፣ ያን ሳምንት የሆነውን ያውቃሉ። ብቻችሁን አትሂዱ።

ሕንፃውም ራሱ አደገኛ ነው። በ2017 ዓ.ም መተሐራ አጠገብ ያለው የፈንታሌ ተራራ አካባቢ በተደጋጋሚ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቶ ብዙ ሰው ከቤቱ መፈናቀሉን ታስታውሳላችሁ፣ ንዝረቱ አዳማም ደርሶ ነበር። ድሮም ያረጀ ግንብ ከዚያ በኋላ አይታመንም። አዲስ ስንጥቅ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ ስል ነው፣ ውስጡ አቧራ አልያዘም፤ እንደዚያ ያለ ካያችሁ ሥሩ አትቁሙ። የላላ ቆርቆሮ በነፋስ ቀን እንደ ቢላ ይወርዳል። ሸራ ጫማ ሳይሆን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ሚስማር በየቦታው ነው። ሣር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በዱላ ነካ ነካ አድርጉ፣ እባብ አይጠፋም።

ሰዓቱ

እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የአውሮፓ ፎቶ አንሺዎች በቪዲዮ የሚያወሩት ረጅም ወርቃማ ብርሃን እዚህ የለም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ከ45 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ጥሩው ብርሃን 1 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ተዘጋጁ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን ግድግዳ ጥላ የለውም፣ ሰው ጥላውን ይረግጣል፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል።

እና ከ4 እስከ 9 ሰዓት ምን ይሠራል? ውስጥ ግቡ። ውጪ ያለው ኃይለኛ ብርሃን ከመሬቱ እየነጠረ በበርና በመስኮት ሲገባ ለስላሳ ይሆናል፤ የግድግዳውን ቀለም ንብርብር፣ አንዱ ተልጦ ሌላው ብቅ ያለበትን ቦታ እንደዚህ ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ሰዓት የለም። የጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ ካለው ደግሞ የብርሃን ዘንግ ታገኛላችሁ። አዳማ አቧራዋን ማንም ያውቃል፣ ዘንጉን የሚያሳየው እሱ ነው።

ነፋሱም እንደዚያው። አዳማ አንድና ሁለት ተብለው በጠቅላላው 204 ሜጋዋት ለማመንጨት የተተከሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እኛ ጋ አልመጡም። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ካላችሁ ከሥሩ ቦርሳ አንጠልጥሉበት፣ የመሀል ዘንጉን ወደ ላይ አትሳቡት። ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። አቧራ የገባበትን ሌንስ በትንፋሽና በሸሚዝ ጫፍ ማሸት መስታወቱን መቧጨር ነው፤ መጀመሪያ በመንፊያ አራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ። ስልክም ቢሆን። ግማሹ «ስልኬ ካሜራው አይረባም» የሚባለው ቅሬታ የሌንስ ላይ ላብና አቧራ ነው።

ስለ ወቅት ብዙ አልልም፦ መስከረም ሀዲዱ መሀል አረንጓዴ ነው፣ ጥርና የካቲት ሁሉም ነገር አቧራማ ቡኒ ነው። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፣ አየሩ ታጥቦ ሣሩ መቢጨት ሲጀምር።

ምን ይነሳል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኦና ቦታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሳው ባዶነቱን ነው። ባዶ ክፍል፣ ባዶ ኮሪደር፣ ጨለማ፣ አስፈሪ ነገር። አንዱን ካያችሁ ሌላውን አይታችኋል፤ ከአዳማ ይሁን ከሌላ አገር አይለይም። ጣቢያ የሥራ ቦታ ነበር። ሥራው ጥሎት የሄደውን ምልክት ፈልጉ። የትኬት መስኮቱ ደፍ በሰው ክርን ተልጎ ለስልሶ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የቦታው ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎ ቀለሙ እየጠፋ ይሆናል። በር ላይ የሰው እጅ የሚነካው ቦታ ብቻ ቀለሙ ይለቃል። ፎቶው ውስጥ ሰው ባይኖርም ሰው እንደነበረ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

ሀዲድ መሀል ቆሞ ወደ አድማስ ማንሳት ሁሉም ያደርገዋል። አንድ ጊዜ አንሱትና ይውጣላችሁ። ከዚያ ወደ ጎን ዙሩ። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፣ ያን ሁሉ ዕቃና ሕዝብ የተሸከመው ይቺ ጠባብ መስመር መሆኗን ለማሳየት የሰው እግር ወይም ብስክሌት አጠገቧ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ሀዲዱ ተነቅሏል ወይም አፈር ለብሷል፤ አጥር ሥር ገብቶ የሚጠፋበት፣ ሱቅ የተሠራበት ቦታ ካገኛችሁ ከረጅሙ ቀጥ ያለ መስመር ይበልጥ ታሪክ አለው። ፍየል መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከገባች አታባርሯት። አሁን ተሳፋሪዋ እሷ ናት።

አንድን ነገር በሦስት ርቀት አንሱ፦ ሕንፃው ሙሉውን፣ በሩ ብቻ፣ ከዚያ የበሩ ማጠፊያ። ሕንፃ ስታነሱ ስልኩን ወደ ላይ አታጋድሉት፣ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ራቅ ብላችሁ ቁሙና በ2 እጥፍ አቅርቡ። 0.5 የምትለዋ ሰፊ ሌንስ ግድግዳን ታጣምማለች፣ ጠባብ ክፍል ካልሆነ አትንኳት።

ከቤት የመጣ ዕቃ አታስቀምጡ። የተሰበረ ወንበርን ወደ ብርሃን አትጎትቱ። ምንም ይዛችሁም አትውጡ፣ ሚስማርም ቢሆን።

የካሜራው ማስተካከያ ይህን ይመስላል። ስልክ ከሆነ ብሩህ የሆነውን ቦታ፣ ለምሳሌ መስኮቱን፣ ነክታችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፤ ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። የጨለመ ጥግ በኋላ ይወጣል፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መስኮት ግን አይመለስም። ካሜራ ካላችሁ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ትራይፖድ፣ ከተቻለም አንዱን ሦስት ጊዜ፦ አንዱ ልኩን፣ አንዱ 2 ስቶፕ ጨለም፣ አንዱ 2 ስቶፕ ፈካ አድርጋችሁ (1 ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ብዙ ስልክም አሁን በፕሮ ሞድ ይህን ይፈቅዳል።

መተሐራ አካባቢ የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ካሜራን ያታልላል፤ ጨለማ መስሎት ያፈካውና ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። 1 ስቶፕ ቀንሱ። እዚያው የበሰቃ ሐይቅ አለ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው አሁን ከ40 በላይ ሆኖ መንገዱንም ሀዲዱንም ሲገፋ የኖረ ውሃ፤ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጥሩ ነጸብራቅ ይሰጣል። በተቃራኒው አንድ ቀን አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ከሄዳችሁ፣ እውነተኛው ኦና ከተማችን እሱ ነው፣ ቤቶቹ ከጨው ጡብ የተሠሩ፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ነጩ ጨው ካሜራውን ስለሚያስፈራው ሥዕሉን ያጨልመዋል። እዚያ 1 ስቶፕ ጨምሩ። ስልካችሁንም ከፀሐይ ሸሽጉ፣ በሙቀቱ ራሱን ያጠፋል።

ማስተካከል

ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ በስልክ ይበቃል። ስናፕሲድም ነፃ ነው፣ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ቀጥ አድርጉ፦ የግድግዳው ጠርዝ ቀጥ ካላለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ኋይት ባላንስ (የቀለሙ ሙቀትና ቅዝቃዜ)። ስልክ የአዳማን አቧራ «ስህተት» ነው ብሎ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ትንሽ ወደ ቢጫ መልሱት፤ ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ካለ ከጠዋቱ ፀሐይ ሞቅ ያለ መልክ እስኪይዝ ብቻ። ሃይላይት (ብሩሁን ክፍል) ቀንሱ። ሻዶው (ጥላውን ክፍል) ትንሽ ጨምሩ፣ ግን ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይቅር። ሁሉም ጥግ የሚታይበት ፎቶ ክፍሉን በአምፖል የተሞላ ያስመስለዋል።

ቴክስቸርና ክላሪቲ የሚባሉት (ሻካራነትንና ዝርዝርን የሚያጎሉት) ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ዝገትና ስንጥቅ ራሱ ሻካራ ነው፣ አታግዙት። ከፈለጋችሁ በማስክ (አንድ ቦታን ብቻ መርጦ በማስተካከያው) ግድግዳው ላይ ብቻ፣ ከ15 ሳታልፉ፣ ሰማዩን ሳትነኩ። ሳቹሬሽንን (የቀለም ድምቀትን) በሙሉ ከመጨመር የሰማዩን ሰማያዊ ብቻ ቀንሱ፤ ያኔ ዝገቱ ሳይነካ በራሱ ጎልቶ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ? እሺ፣ ግን ቅርጽና ጥላ ላለው ሥዕል ብቻ። የተላጠ አረንጓዴ ቀለም ያለው በር ጥቁርና ነጭ ማድረግ ያለውን መጣል ነው።

ሰማይ መቀየር አይሆንም። የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ ፌስታሉን፣ ከኋላ የታየውን ኮንዶሚኒየም በሂሊንግ (በማጥፊያ መሣሪያው) አታጥፉ። ኦናው ከዛሬዋ አዳማ ጋር ጎን ለጎን መቆሙ ነው ፎቶውን የእኛ የሚያደርገው። ሌንስ ላይ የነበረች የአቧራ ነጥብ ግን ትጥፋ፣ እሷ ቦታው ላይ አልነበረችም። ጨርሳችሁ ስትወጡ ስልኩን አስቀምጡና በማግስቱ እንደገና እዩት፤ ማታ ያማረው ብዙ ጊዜ ጠዋት በዝቶ ይታያል።

ስትለጥፉ የቦታውን ስም፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፤ ግቢው ነገ ሊፈርስ ስለሚችል ቀን የሌለው ፎቶ ግማሽ ፎቶ ነው። ጂፒኤሱን ግን አጥፉት፣ የተረፈ ብረት ያለበትን ግቢ ለቆራሌ አመላካች አትሁኑ። በቴሌግራም ለጓደኛ ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጨምቆ ጥራቱን ያወርደዋል። ዋናውን ሮው ፋይል ደግሞ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ፣ ፍላሽም ይሁን ሃርድ ዲስክ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።