በአንገቱ ለሚተነፍስ ሰው አክታ መምጠጥ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ትራኪዮስቶሚ ያለውን፣ ማለትም መተንፈሻ ቱቦ በአንገቱ በኩል የገባለትን ሰው ወደ ቤት ለሚወስዱ አስታማሚዎች ሳክሽን (አክታን በማሽን መምጠጥ) የማሳየው እኔ ነኝ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በየስንት ሰዓቱ?» ብለው ነው። በሰዓት አይደለም፤ በጆሮ ነው። አክታ ሲጠራቀም ትንፋሹ እንደሚፈላ ውኃ ይንተከተካል፤ እጃችሁን ደረቱ ላይ ብታሳርፉ ንዝረቱ ይሰማችኋል። ሕመምተኛው ይቁነጠነጣል፣ ጣቱ ላይ ያለው መለኪያም የኦክስጅኑን መውረድ ያሳያል። ምልክት ሳይኖር መምጠጥ የመተንፈሻ ቧንቧውን ያቆስላል እንጂ አይጠቅምም።

ካቴተሩን (አክታውን የሚመጥጠውን ቀጭን ቱቦ) ከመንካታችሁ በፊት ለሕመምተኛው ንገሩት። አየሩ ከድምፅ አውታሩ በታች ስለሚያልፍ ሕመምተኛው ሲያመው መጮህ አይችልም። ስለዚህ «በቃ» የሚልበትን የእጅ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ስመጥጥ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ማለቂያው መቼ እንደሆነ ይሰማል። አንድ አባት ነበሩ፣ ከቁጥሬ ጋር እኩል የአልጋውን ብረት በጣታቸው ይመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳልቆጥር መጥጬ አላውቅም።

የምነግራችሁ ቁጥር ለአዋቂ ነው፤ የሕፃን ሌላ ነው። ጀርባውን ቀና አድርጉለት፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አጥልቁ። የማሽኑ ግፊት ከ80 እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሁን። የካቴተሩ ውፍረት ከቱቦው የውስጥ ስፋት ከግማሽ አይበልጥ፤ ውስጡ 8 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦ 12 ፍሬንች (4 ሚሊሜትር ውፍረት) ይበቃል። ወፍራም ከሆነ አየር በጎኑ መግባት ስለማይችል ከአክታው ጋር የሳንባውን አየር ትወስዱበታላችሁ። ኦክስጅን ወይም ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ከሆነ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ለ30 ሰከንድ ያህል ኦክስጅኑን ጨምሩለት።

ካቴተሩ ሲገባ አይመጥጥም፤ የጎኑን ቀዳዳ በአውራ ጣታችሁ አትድፈኑ። ጥልቀቱን ተመሳሳይ በሆነ መለዋወጫ ቱቦ ላይ አስቀድማችሁ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ፤ ከዚያ ብዙ አታሳልፉት። ቀዳዳውን ድፈኑና በጣቶቻችሁ መካከል እያሽከረከራችሁ አውጡት። ከመግባት እስከ መውጣት 10 ሰከንድ፣ ቢበዛ 15። ኦክስጅኑ እስኪመለስ አሳርፉት፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ዙር አትለፉ። የልብ ምቱ ከቀዘቀዘ ወዲያው አቁሙ። አፉን የምትመጥጡ ከሆነ ከአንገቱ በኋላ ይሁን፤ አፍ የገባ ካቴተር ወደ አንገት አይመለስም።

አክታው ወፍራም ሲሆን ብዙዎች ሳላይን (የጨው ውኃ) ቱቦው ውስጥ ማንቆርቆር ይቀናቸዋል። እኔ አልደግፈውም። አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው አፍንጫ ስለታለፈ ነው የደረቀው፤ መፍትሔው የእርጥበት ማጣሪያውን ወይም ማርጠቢያውን ሳያቋርጡ መጠቀም ነው።

አዲስ ነርስ ሳለሁ አንድ ሌሊት ካቴተሩ አልገባ አለኝ። ደጋግሜ ገፋሁት፤ የኦክስጅኑ መለኪያ ወደ 78 በመቶ ወረደ። አንዲት ነባር ነርስ መጣችና በአንገቱ ቱቦ ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን የውስጠኛውን ቱቦ ጠምዘዝ አድርጋ አወጣችው። ጫፉ እንደ ሙጫ በደረቀ አክታ ተደፍኖ ነበር። ሰውየው ወዲያው ተነፈሰ። ካቴተር እንቢ ሲል አትግፉ፤ መጀመሪያ የውስጠኛውን አውጡ። ያም ካልሆነ የአደጋ ጊዜ እርዳታ ጥሩ። ራስጌው ላይ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት)፣ በልኩ የሆነ አንድ ቱቦና በአንድ ቁጥር ያነሰ ሌላ ቱቦ ከማስገቢያ ዘንጋቸው ጋር ምንጊዜም ይቀመጡ።

የውስጠኛው ቱቦ የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ ቢያንስ በየቀኑ፣ አክታ ሲበዛም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። የአንገት ማሰሪያ ስትቀይሩ ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ቱቦውን ሳይለቅ ይያዝ። ማሰሪያው ሥር አንድ ጣት ብቻ ይግባ።

ሳክሽን ካደረጋችሁ በኋላ በአክታው ላይ ቀጭን የደም መስመር ብታዩ ይህ ያጋጥማል። ደማቅ ቀይ ደም በብዛት ከወጣ ግን በራሱ ቢቆምም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከቱቦው አጠገብ ያለ ትልቅ የደም ሥር ሲጎዳ አስቀድሞ እንዲህ ደምቶ ሊቆም ይችላል።