የአንጎል ተመራማሪ ልትደግፉ ካሰባችሁ ማሽኑ ይቆይ

ጥቁር አንበሳ ግቢ ደጋግሞ የገባ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አንድ በጎ ሰው ከውጭ ማሽን ይልካል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኬክ ይበላል፣ ከዚያ ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ይተኛል። እኔም የምርምር ፕሮጀክት ሳስተባብር አንዱን ለወራት እያለፍኩት ቢሮዬ ስገባ ኖሬያለሁ። በኋላማ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር፤ የሚያሠለጥን ሰው አብሮ አልመጣም፣ ሪኤጀንቱን፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበትን ኬሚካል፣ የሚገዛ በጀትም አልነበረም። በቃ።

ስለዚህ የድሮ ተማሪዎች ሆናችሁ ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ ወይም ድርጅት ኖሯችሁ የአንጎል ምርምርን ላግዝ የምትሉ፣ መጀመሪያ ጊዜ ግዙ። የማንን? የተመራማሪውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ዋርድ ይዞራል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ ከሰዓት የግል ክሊኒክ ይሮጣል፤ ደመወዙ የቤት ኪራይ ስለማይሸፍን እንጂ ሩጫ ወዶ አይደለም። ምርምሩ የሚሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ክሊኒኩን ትቶ ዳታው ላይ እንዲቀመጥ የሚያስችለውን ያህል ብትከፍሉት ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ሠራችሁ ማለት ነው። ግን ብሩን እጁ ላይ ብቻ አታድርጉ። ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ተቀምጣችሁ የትኞቹ ቀናት ለምርምር እንደሆኑና የትኛው ኮርስ እንደሚቀነስለት በጽሑፍ አስፈርሙ። አለበለዚያ ብሩም ይመጣል፣ የማስተማሩም ጫና እንዳለ ይቀጥላል።

የፒኤችዲ ተማሪ የምትረዱ ከሆነ ደግሞ የአንድ ዓመት ገንዘብ ይዛችሁ አትምጡ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሜዳ ላይ ይቀራል። ወርሃዊ መተዳደሪያውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የመረጃ ሰብሳቢዎቹን አበል እስከ መጨረሻው አስባችሁ ጀምሩ፤ ለአምስት ተማሪ ግማሽ ግማሽ ከማድረስ ለሁለት ተማሪ ሙሉ ይሻላል። ሌላው የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከሃምሳዎቹ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀን ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሄደ፣ ከውጭ የሚገዛውን ነገር ሁሉ በብር በጅተው የነበሩ ፕሮጀክቶች ምን እንደሆኑ መገመት አያቅትም። ከውጭ የሚገዛውን በዶላር ጻፉ፣ ደመወዝና አበሉን በብር ጽፋችሁ በየዓመቱ እንደሚከለስ ስምምነቱ ላይ አስገቡ።

ከሰው ቀጥሎ ግዥ ክፍል "አላቂ ዕቃ" የሚለው ይመጣል። ለጋሽ አይወደውም፣ ስም አይለጠፍበትማ! ግን ላብራቶሪ የሚቆመው በእሱ ነው። ኢኢጂን እንውሰድ። በጭንቅላት ቆዳ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀዳው ማሽን ማለቴ ነው። በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት፣ 80 በመቶ ያህሉም የሚኖረው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ስለዚህ እዚህ ኢኢጂ ቅንጦት አይደለም። ማሽኑ ግን ጄልና ኤሌክትሮድ ካለቀበት ያው ጠረጴዛ ነው።

በዚያ ላይ ሹሩባ አለ። ኤሌክትሮዱ ቆዳ መንካት አለበት፣ የተሠራ ፀጉር ደግሞ አያስነካም። ለጥናት የመጣችን ሴት "ፍቺውና ነይ" ብሎ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሹሩባ ለመሠራት ግማሽ ቀን የተቀመጠች ታውቃለች። የፀጉር መፍቻና መልሶ ማሠሪያ በጀት ውስጥ ይግባ። ስቃችሁ ይሆናል፣ ግን ካልገባ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይቀሩና ሳታስቡት የወንዶች ብቻ ጥናት ይሆናል።

ማሽን የግድ ነው ካላችሁም ማኑዋሉን ክፈቱና ስለ ከፍታ የሚለውን ፈልጉ። ብዙ የላብራቶሪ ዕቃ "እስከ 2,000 ሜትር" ተብሎ ነው የተሠራው፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃውን እንደ ቆላው በደንብ አያቀዘቅዘውም። ለአምራቹ ጻፉና በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ናሙና የሚያስቀምጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ከሆነ ስታብላይዘሩ፣ ጄኔሬተሩና ናፍጣው አብረው ይበጀቱ። መብራት ቅዳሜ ማታ ሄዶ ሰኞ ጠዋት የሚደረስበት ፍሪዘር የሦስት ዓመት ልፋት ይዞ ይቀልጣል። ለጥበቃ ሠራተኛው የስልክ ካርድ ሞልቶ "ሲጠፋ ደውልልኝ" ማለት ከብዙ ማንቂያ ደወል ይሻላል፣ ከልምድ ነው።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይግባ፣ ግን ለፕሮጀክቱ የራሱ ኮድ ይከፈትለት። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ማለቴ ነው፣ ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለቤት አይኖረውም። ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል፣ አንድ አምራች ብቻ ያለው ኬሚካል ላይም ይላል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ሰኔ ውስጥ ምንም አትጠብቁ፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ፋይናንስ ክፍል ስልክ አያነሳም። የኤቲክስ (የምርምር ሥነ ምግባር) ፈቃድ ሳይወጣ መጀመሪያ ቀን ቆርጣችሁ አታውጁ። ናሙና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የርክክብ ስምምነቱን አንብቡት፣ ዳታው የማን እንደሆነና በሚታተመው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ ስሙ የሚጻፈው ማን እንደሆነ ናሙናው ሳይወጣ ይነጋገሩበት። ከወጣ በኋላ የኛ ልጅ ስም አሥራ ሰባተኛ ላይ ነው የሚገኘው።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ በእኔ እምነት ምርጡ አጠቃቀም ትልቁን ገንዘብ የሚያመጣ ሰው መቅጠር ነው። ለአንጎል ምርምር በር አለ። በፈረንጆቹ 1961 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት፣ ኢብሮ የሚሉት፣ ለአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል፣ ውጭ ተምረው አገራቸው ለሚመለሱም ፕሮግራም አለው። የጤና ምርምር የሚደግፈው የእንግሊዙ ዌልካም አለ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤችም አለ፣ በፈረንጆቹ 2025 ለውጭ አጋሮች ገንዘብ የሚያልፍበትን አሠራር ስለለወጠ ግን በእሱ ብቻ አትንጠልጠሉ። እዚያ ለማመልከት ተቋሙ በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ መመዝገብ አለበት፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ተመራማሪው ይህን ሊያሳድድ አይገባም። ሰዓቱም አያሳስታችሁ፤ የኤንአይኤች ማመልከቻ የሚዘጋው በአመልካቹ ተቋም ሰዓት ነው፣ "5፡00 ፒኤም" ሲሉ የኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

ይህ ገንዘብ እንዲያመጣ የምትቀጥሩት ሰው ቢሮ፣ ላፕቶፕና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ደመወዙን ደግሞ ከሚያመጣው ግራንት (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) ላይ በፐርሰንት አታስቡለት፤ ብዙ ለጋሽ አይቀበለውም፣ እሱም ያልሆነ ግራንት ማሳደድ ይጀምራል። በወር ቁርጥ አድርጋችሁ ክፈሉት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት። የመጀመሪያው ፕሮፖዛል ብዙ ጊዜ ይወድቃል።