ያወረዱትን ሰነድ ከመክፈትዎ በፊት

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ለአንድ የኢሳት ቴሌቪዥን ጣቢያ ባልደረባ በስካይፕ ፋይል ተላከ። ስሙ ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ መሆኑን የሚናገርና በ«ፒዲኤፍ» የሚያበቃ ይመስል ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ሲቲዝን ላብ ሲመረምረው ግን ከ«ፒዲኤፍ» ቀጥሎ ብዙ ባዶ ቦታ ተትቶ፣ ዓይን በማይደርስበት ጫፍ ላይ «ኢኤክስኢ» የሚል፣ ፋይሉ ፕሮግራም መሆኑን የሚያሳውቅ ቅጥያ (የፋይል ዓይነት መለያ) ተገኘ። ጽሑፍ መስሎ የመጣው የስለላ ፕሮግራም ነበር።

ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ቅጥያ ነው። ዊንዶውስ የተለመዱ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ፣ ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት «ቪው» ከሚለው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ይምረጡ። በሥዕሉ አይታለሉ፤ ማንኛውም ፕሮግራም የፒዲኤፍን ቀይ ሥዕል ሊለብስ ይችላል። የፈተና ውጤት ነው ተብሎ በቴሌግራም የመጣ ፋይል መጨረሻው «ኤፒኬ» ከሆነም የስልክ መተግበሪያ እንጂ ሰነድ አይደለምና ሳያመነቱ ያጥፉት።

ቅጥያው ትክክል መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የዋርድና የኤክሴል ፋይሎች «ማክሮ» የሚባሉ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሥራ የሚሠሩ ትእዛዞችን ሊይዙ ይችላሉ፤ «ዶክኤም» እና «ኤክስኤልኤስኤም» የሚሉ ቅጥያዎች ይህንኑ ያመለክታሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በወረዱ ፋይሎች ውስጥ ያሉትን ማክሮዎች ማገድ ጀምሯል። ሰነዱ ራሱ «ይዘቱን ለማየት እገዳውን ያንሱ» ብሎ ከጠየቀዎ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ የአደጋ ምልክት አላውቅም፤ የጨረታ ማስታወቂያም ሆነ የደመወዝ ዝርዝር ለመነበብ ማክሮ አያስፈልገውም። አንዳንድ ፋይል ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ባልታደሰ ፕሮግራም ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፤ ስለዚህ ዋርድንም ሆነ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎን ያድሱ።

የተጠራጠሩትን ፋይል ቫይረስቶታል በተባለው ድረ ገጽ ላይ ጭነው በበርካታ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ማስመርመር ይቻላል። ነገር ግን እዚያ የተጫነ ፋይል ለደህንነት ተመራማሪዎች ስለሚደርስ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ፈጽሞ አይጫኑበት። ምርመራው «ንጹሕ ነው» ቢልም አዲስ የተሠራ ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላል፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ፋይል ከሆነማ ውስጡን ማየት ስለማይችል፣ የይለፍ ቃሉ ከፋይሉ ጋር አብሮ የተላከበትን ምክንያት ይጠይቁ።

ጥርጣሬዎ ካልለቀቀዎ ላኪውን ያነጋግሩ። ሆኖም ፋይሉ በመጣበት ቴሌግራም አይጠይቁት፤ አካውንቱ ተሰርቆ ከሆነ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ የሚመልስልዎ ሌባው ነውና፣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ቁጥር ደውለው ድምፁን ይስሙ።